«አፍ የለህም ነበር እንዴ?» - ስለ ድብርት መድኃኒቶችና ስለማይነገረን ጉዳታቸው

(ከዚህ በታች የቀረበው በአዲስ አበባ አንድ የሰፈር እድር ባዘጋጀው የጤና ውይይት ላይ አንድ የመድኃኒት ባለሙያ ያደረጉት ንግግር ነው። ተናጋሪው ስማቸው እንዳይጠቀስ በጠየቁት መሠረት አልጠቀስነውም። - የዝግጅት ክፍሉ)



ስለ ድብርት መድኃኒት እንድናገር ስትጋብዙኝ «ይሄ ደግሞ ለእድር ምኑ ነው?» ብለው ያጉረመረሙ አባላት እንዳሉ ሰምቻለሁ። አልፈርድባቸውም። እድር ሲባል ለሁላችንም የሚታየን ድንኳን፣ ወንበርና ንፍሮ ነው። እኔ ግን እላለሁ፤ ሰው ከሞተ በኋላ የምንሰበሰበውን ያህል ሳይሞት መሰብሰብ ብንለምድ ኖሮ ድንኳኑ እንዲህ ቶሎ ቶሎ ባልተተከለ ነበር።

ንግግሬን በራሴ ጥፋት ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የሚጠጋ አንዲት እናት ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጡ። ወንድ ልጃቸው ከሞተ ዓመት አልፎታል። እንቅልፍ የለ፣ ምግብ የለ፣ ጨዋታ የለ፤ ቤተ ክርስቲያን መሳለም እንኳ ትተዋል። ሐኪም አይቷቸው አሚትሪፕቲሊን የሚባለውን ፀረ-ድብርት መድኃኒት አዝዞላቸዋል። እኔም ኪኒኑን ቆጥሬ ፖስታ ውስጥ ከተትኩና «ማታ ማታ አንድ» ብዬ ጻፍኩበት። «እግዜር ይማርዎት እማማ» ብዬ ሸኘኋቸው። አለቀ! ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

በሁለተኛው ሳምንት ሴት ልጃቸው መጣች። እናቷ ሌሊት ለሽንት ከአልጋቸው ብድግ ሲሉ ዓይናቸው ጨልሞባቸው ወድቀዋል፤ የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሯል። «ይሄ ነገር ከመድኃኒቱ ይሆን እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? መድኃኒቱ ሰው ከተኛበት ሲነሳ የደም ግፊቱን ድንገት ዝቅ እንደሚያደርግ፣ በተለይም አረጋውያንን እንደሚጥል አውቅ ነበር። ተምሬዋለሁ፤ በፈተና ላይ መልሼዋለሁ፤ ማርክ አግኝቼበታለሁ! ለእሳቸው ግን አልነገርኳቸውም። «ሲነሱ መጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ ትንሽ ቁጭ ይበሉ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ይነሱ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት የጎደለችው። ያቺ ዓረፍተ ነገር የአንዲት እናት ዳሌ ዋጋ ነበራት።

ወገኖቼ! ዛሬ የመጣሁት እንደዚያች ያሉ ያልተነገሩ ዓረፍተ ነገሮችን ልነግራችሁ ነው። ላስፈራራችሁ አይደለም። ድብርት በሽታ ነው፤ ስንፍናም እርግማንም አይደለም፤ መድኃኒቶቹም ብዙ ሰው ከሞት አፋፍ መልሰዋል። ነገር ግን ጉዳት የሌለው ፀረ-ድብርት መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተሠራም። ልዩነቱ ጉዳቱ ምን ዓይነት ነው፣ ለማንስ ይከፋል የሚለው ላይ ነው። ይህን ልዩነት የማወቅ መብት ደግሞ መጀመሪያ የሚውጠው ሰው ነው፤ የሌላ የማንም አይደለም።

ከጎንዮሽ ጉዳት የተወለደ መድኃኒት

የሚገርማችሁ ነገር የመጀመሪያው ፀረ-ድብርት መድኃኒት ራሱ የጎንዮሽ ውጤት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 በኒውዮርክ ስታተን አይላንድ በሚገኘው ሲ ቪው ሆስፒታል የሳምባ ነቀርሳ ሕሙማን አይፕሮናያዚድ የተባለ አዲስ መድኃኒት ይሞከርባቸው ነበር። እኛ አገር ለነቀርሳ የሚሰጠው የአይሶናያዚድ የቅርብ ዘመድ ነው። እነዚያ ሕሙማን ሞታቸውን ሲጠባበቁ የነበሩ ሰዎች ድንገት መሳቅ፣ መብላት፣ መጫወት ጀመሩ። ሐኪሞቹም ለሳምባ ብለው የሰጡት ነገር መንፈስን ሲያነሳ አዩ። እ.ኤ.አ. በ1957 ናታን ክላይን የተባለው አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪምና ባልደረቦቹ ለድብርት ሕክምና እንደሚበጅ አስታወቁ።

ደስታው ግን ዕድሜ አልነበረውም። መድኃኒቱ ጉበት እየጎዳ ሰው ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ታየና እ.ኤ.አ. በ1961 ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። የዚያው ቤተሰብ የሆኑ ሌሎች መድኃኒቶችን የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ አይብ በልተው ደም ግፊታቸው በድንገት ጣሪያ ነካ፤ የሞቱም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1963 ባሪ ብላክዌል የተባለ በለንደን የሚሠራ ወጣት ሐኪም ነገሩን ከአይብ ጋር አያይዞ ሲጽፍ መጀመሪያ የሳቁበት ነበሩ። በኋላ ግን ቆይቶ በበሰለ አይብ፣ በፈላና በተብላላ ምግብና መጠጥ ውስጥ ያለ ታይራሚን የሚባል ነገር መሆኑ ተረጋገጠ። ይህ ቤተሰብ ዛሬ እምብዛም የማይታዘዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ጉዳቱ የታወቀው ሕሙማንና ቤተሰቦቻቸው አይተው በመናገራቸው፣ ሰሚም በማግኘታቸው ነው። የብላክዌልን ዓይን ከገለጡት አንዱ ሚስቱ አይብ በበላች ቁጥር ራሷን ሲያማት ያስተዋለና ደብዳቤ የጻፈ ፋርማሲስት ነው። እንደኔ ያለ ባለ ባንኮኒ ማለት ነው፤ ልዩነቱ እሱ አፍ ነበረው።

አሮጌው ጉልበተኛ

በዚያው ዘመን በስዊዘርላንድ ሮላንድ ኩን የተባለ ሐኪም ለሌላ የአእምሮ ሕመም የመጣለትን መድኃኒት ሲሞክር ለዚያ ሕመም ሳይሆን ለድብርት ሠራለት። ኢሚፕራሚን ይባላል። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ የተፈቀደው አሚትሪፕቲሊን መጣ፤ ያ የኔ ጥፋት ያለበት መድኃኒት ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው የመጀመሪያው የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ርካሽ ነው። ጠንካራ ነው። በአገራችን በየመድኃኒት ቤቱ ይታወቃል። እንዲያውም ለራስ ምታትና ለነርቭ ሕመም በትንሽ መጠን ስለሚታዘዝ ስሙን ሳያውቁ የሚውጡት ብዙ ናቸው።

አሚትሪፕቲሊን ግን ተኩሶ ዒላማውን ብቻ የሚመታ አይደለም፤ አጠገብ ያለውንም ይመታል። ምራቅን፣ አንጀትን፣ ፊኛን የሚያዝዘውን የነርቭ መልእክት ያደበዝዛል። ስለዚህ አፍ ይደርቃል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ዓይን ይጭበረበራል፣ ሽንት አልወርድ ይላል። የፕሮስቴት ሕመም ያለባቸው አባቶች ሽንታቸው ጭራሽ ሊዘጋ ይችላል፤ የግላኮማ ዓይነት የዓይን ሕመም ያለበትም ለዓይኑ ሊሰጋ ይገባል። እንቅልፍ ያስይዛል፤ ለዚህም ነው ማታ የሚሰጠው። ውፍረት ይጨምራል። ከተቀመጡበት ሲነሱ ያዞራል። የልብን አመታት ስለሚያዛባ የልብ ሕመምተኛ ሳይመረመር ሊወስደው አይገባም። ለዚህ ሁሉ ነው ባለሙያዎች በዕድሜ ለገፉ ሰዎች የሚቻል ከሆነ ይቅርባቸው የሚሉት።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ይህ ነው፤ ከታዘዘው በላይ ከተወሰደ ልብን አቁሞ ይገድላል። ድብርት ያለበት ሰው ደግሞ አንዳንዴ ሕይወቱን ይጠላል። ስለዚህ እናንተ ቤተሰቦች፣ ኪኒኑን ታማሚው ዘንድ አታከማቹት። አንድ የምታምኑት ሰው ይያዘው፤ በየቀኑ የሚወሰደውን ብቻ ይስጥ። ከሕፃናትም ይራቅ። ይህን ለመናገር ገንዘብ አይጠይቅም፤ ግን ስንት መድኃኒት ቤት ይናገራል?

አዲሶቹ ጨዋዎች

እ.ኤ.አ. በ1987 መጨረሻ በአሜሪካ ፍሉኦክሲቲን ተፈቀደ፤ በንግድ ስሙ ፕሮዛክ የሚባለው። ቀጥለው ሰርትራሊን፣ ፓሮክሲቲን፣ ሲታሎፕራምና መሰሎቻቸው መጡ። እነዚህ በአብዛኛው ሴሮቶኒን በሚባለው የአንጎል መልእክተኛ ላይ ብቻ ስለሚያነጣጥሩ አፍና ሆድ የማድረቁ ነገር ይቀንሳል፤ ቢበዛም እንደ አሮጌው ልብን ለማቆም አይፈጥኑም። የዓለም ጤና ድርጅት ፍሉኦክሲቲንን እ.ኤ.አ. በ2007 በመሠረታዊ ዝርዝሩ ጨምሮታል።

ታዲያ ጉዳት የላቸውም? አላቸው እንጂ! በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያቅለሸልሻሉ፤ በምግብ መውሰድ ይህን ያቀልለዋል። ራስ ያሳምማሉ፤ ያቁነጠንጣሉ። ፍሉኦክሲቲን እንቅልፍ ስለሚነሳ ጠዋት ይወሰዳል። ሰርትራሊን ሆድ ያላላል። ፓሮክሲቲን ያወፍራል፤ ሲያቋርጡትም ክፉኛ ያስቸግራል። ሲታሎፕራም መጠኑ ሲበዛ የልብን አመታት ስለሚነካ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2011 በቀን ከ40 ሚሊግራም በላይ እንዳይወሰድ አስጠንቅቋል። በአረጋውያን ላይ የሰውነትን ጨው ዝቅ አድርገው ግራ ሊያጋቡ፣ ሊጥሉም ይችላሉ።

አሁን ደግሞ ሁላችሁም አንገታችሁን የምትደፉበት ነገር ልናገር። እነዚህ መድኃኒቶች የወንድና የሴትን የግብረ ሥጋ ፍላጎት ይቀንሳሉ፤ ስሜቱ ቢኖርም መጨረሻው አልመጣ ይላል። ይህ ጥቂት ሰው ላይ ብቻ የሚታይ አይደለም፤ ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነው። ሐኪሙ አፍሮ አይናገር፣ ታማሚው አፍሮ አይጠይቅ፤ ባል «ሚስቴ ጠላችኝ» ይላል፣ ሚስት «ሌላ ለምዷል» ትላለች። በአንዲት ፍሬ ኪኒን ምክንያት ትዳር ይናጋል። «ይሄ ከመድኃኒቱ ነው፤ መጠኑ ሊስተካከል ወይም ሊቀየር ይችላል» ብሎ ለመናገር ምን ያህል ድፍረት ይጠይቃል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል ያገራችን ሰው። ታማሚው በሽታውን ገልጦ ሲያበቃ እኛ የመድኃኒቱን ጉዳት ብንደብቅስ ምን እንባላለን?

በሻንጣ የሚመጡት

ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓና ከዐረብ አገር ዘመድ በሻንጣ የሚልካቸውም አሉ። ስማቸው ከእነዚህ ይለያል፤ ጠባያቸውም እንዲሁ። ቬንላፋክሲን መጠኑ ሲጨምር የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል። ሚርታዛፒን ወሲብን እምብዛም አይነካም፤ ግን ያስተኛል፣ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ ያወፍራል። ለከሳና እንቅልፍ ላጣ ሰው ይህ ጥቅም ነው፤ ስኳር ላለበትና ለወፈረ ሰው ግን ሌላ ጣጣ። ትራዞዶን ያስተኛል፤ አልፎ አልፎም በወንዶች ላይ ለሰዓታት የማይበርድ የብልት መቆም ያመጣል፤ ያ ሲደርስ ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል መሄድ ነው። ቡፕሮፒዮን ወሲብንም ክብደትንም አያስቸግርም፤ ነገር ግን የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ ተፈቅዶ በዓመቱ ሰዎችን በማንቀጥቀጡ ታገደ፤ መጠኑ ተቀንሶ በ1989 ተመለሰ።

አንድ ነገር አደራ! ዘመድ የላከውና እዚህ የታዘዘላችሁ በንግድ ስም ተለያይተው በውስጣቸው አንድ ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለት ስም አይታችሁ ሁለቱንም ስትውጡ አንዱን መድኃኒት እጥፍ አድርጋችሁ መውሰዳችሁ ነው። ከካርቶኑ ላይ ትልቁን የንግድ ስም ትታችሁ ከሥር በትንሹ የተጻፈውን የመድኃኒቱን ስም አስነብቡ።

እንግዲህ የቱ ይበልጣል?

ይህን ጥያቄ በየቀኑ እጠየቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ በአንድሪያ ቺፕሪያኒ የሚመራ ቡድን 522 ሙከራዎችንና 116,477 ሕሙማንን ያካተተ ማነጻጸሪያ አውጥቷል። 21 መድኃኒቶች ተወዳደሩ። ሁሉም ምንም መድኃኒት ከሌለበት ባዶ ኪኒን በልጠው ተገኙ። በማዳን ኃይል ከፊት የተሰለፈው ማን መሰላችሁ? ያ አሮጌው፣ ርካሹ አሚትሪፕቲሊን! ፍሉኦክሲቲን እርስ በርስ ሲነጻጸሩ ከደከሙት ወገን ነበር። ነገር ግን ሰዎች ሳያቋርጡ በመውሰዳቸው ረገድ ከባዶው ኪኒን እንኳ የተሻሉ ሆነው የተገኙት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አጎሜላቲን የተባለውና ይኸው ፍሉኦክሲቲን።

ነገሩ ገባችሁ? ጉልበተኛው ይነክሳል፤ ጨዋው ጉልበቱ ያንሳል። «ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት» እንደሚባለው ነው። ስለዚህ «የቱ ይበልጣል?» ሳይሆን «ለእኔ የቱ ይሻላል?» ነው መባል ያለበት። ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን ሲያፈጥ ለሚያድር ወጣት የአሚትሪፕቲሊን እንቅልፍ በረከት ሊሆን ይችላል፤ ለዚያች እናት ግን የዳሌ ስብራት ሆነ። ለታክሲ ሾፌር እንቅልፍ የሚያስይዝ መድኃኒት ለተሳፋሪውም አደጋ ነው። ለአዲስ ሙሽራ ፍላጎት የሚያጠፋ መድኃኒት ሌላ ሐዘን ነው። ይህን ሊያውቅ የሚችለው ደግሞ ኑሮውን የሚኖረው ታማሚው ራሱ ነው። ሳይጠየቅ እንዴት ይመረጥለታል?

ሁለቱ አደገኛ ጊዜያት

አንደኛው ሲጀመር ነው። ጉዳቱ በመጀመሪያው ቀን ይመጣል፤ ጥቅሙ ግን ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ይህን ያልተነገረው ሰው በሁለተኛው ሳምንት ምን ያስባል? «ድብርቴ አልለቀቀኝ፣ ጭራሽ አፌ ደረቀ፣ ሆዴ ታመመ» ብሎ ኪኒኑን ይወረውራል። ሊድን ሲል አቋረጠ ማለት ነው! ብዙው የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ወጣቶች ደግሞ ለብቻው ልናገር። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2004 እነዚህ መድኃኒቶች በሕፃናትና በጉርምስና ዕድሜ ባሉ ላይ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊያባብሱ እንደሚችሉ ካርቶኑ ላይ እንዲጻፍ አዘዘ፤ በ2007 ማስጠንቀቂያውን እስከ 24 ዓመት ላሉት አሰፋው። ይህ ማለት ልጆቻችንን አናሳክም ማለት አይደለም፤ ያልታከመ ድብርትም ይገድላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቻቸውን አንተዋቸው ማለት ነው። ቁንጥንጥ ካሉ፣ ጠባያቸው ከተለወጠ፣ ስለ ሞት ካወሩ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ወደ ሐኪም ውሰዷቸው። ደግሞም ከዚህ በፊት ሳይተኛ እየዋለ እያደረ፣ ገንዘቡን እየበተነ፣ ከመጠን ያለፈ ደስታ ውስጥ የገባበት ጊዜ የነበረ ሰው ይህን ለሐኪሙ ይንገር። እንዲህ ያለውን ሰው ፀረ-ድብርት መድኃኒት ለብቻው ከሰጡት ወደዚያው ግለት ሊመልሰው ይችላልና።

ሁለተኛው አደገኛ ጊዜ ማቋረጫው ነው። መድኃኒቱ ሱስ አያስይዝም፤ ግን ድንገት ሲያቆሙት ሰውነት ይቆጣል፤ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያበሳጫል፣ ራስ ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ ንዝረት ያለ ነገር ይሰማል። ፓሮክሲቲንና ቬንላፋክሲን በዚህ ይብሳሉ፤ ፍሉኦክሲቲን ከሰውነት ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ይቀላል። ጸበል ለመጠመቅ የምትሄዱ፣ የምትጾሙ፣ ሮመዳን የምትይዙ ወገኖቼ፣ እምነታችሁን የሚነካ የለም፤ መድኃኒቱን ግን በገዛ እጃችሁ አትቁረጡት። ሰዓቱ ከጾሙ ጋር ሊስማማ ይችላል፤ ሐኪሙን ጠይቁ። ውኃ ሳይጠጡ መዋል ደግሞ አሚትሪፕቲሊን ለሚወስድ ሰው ማዞሩን ያብሰዋልና ተጠንቀቁ።

ከሌላ ነገር ጋር ስለ መቀላቀልም እንዲሁ። አሚትሪፕቲሊን ላይ አረቄ ወይም ቢራ መጨመር እንቅልፍ ላይ እንቅልፍ መደረብ ነው። እነ ፍሉኦክሲቲን ላይ በየጊዜው ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን መውሰድ ጨጓራን ሊያደማ ይችላል። ትራማዶል መጨመር ደግሞ ሊያንቀጠቅጥ፣ ሰውነትን አግሎ ለሞት ሊያበቃም ይችላል። ጫት እንቅልፍን ነስቶ ጭንቀትን ያባብሳል፤ መድኃኒቱ በአንድ በኩል ሲሠራ ጫቱ በሌላ በኩል ያፈርሳል።

ታዲያ ለምን አይነገረንም?

እስካሁን የተናገርኩት ምስጢር አይደለም። በየካርቶኑ ውስጥ ባለችው ወረቀት ላይ ተጽፏል። በምን ቋንቋ? በእንግሊዝኛ! ያውም ዓይኑ ደህና የሆነ ሰው በማያነበው ፊደል። ኪኒኑ ተቆጥሮ በፖስታ ሲሰጣችሁ ደግሞ ወረቀቷም እኛው ጋ ትቀራለች። ለውጭ ጉዳይ ስብሰባ አስተርጓሚ የሚቀጥር መንግሥት ለአንድ ገጽ የመድኃኒት ወረቀት አስተርጓሚ አጣ ቢባል ማን ያምናል?

ሕግ የለም እንዳይባል፣ በ2006 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 299 ታካሚ ስለ ሕክምናው ተነግሮት፣ ገብቶት ፈቃዱን እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ተብሎ በጭብጨባ ተመርቋል። ስትራቴጂ አላጠረንም! ያጠረን ሐኪሙ ታማሚውን የሚያናግርበት ደቂቃ ነው። በር ላይ ሰልፍ ተገጥግጦ፣ አንዱ ሳይወጣ ሌላው እየገባ፣ የትኛው ሐኪም ነው ስለ ወሲብና ስለ ሽንት የሚያወራው? ሐኪሙን ብቻ መውቀስም ፍርደ ገምድልነት ነው።

መድኃኒቱ «አልቋል» ሲባልስ? ለጉንፋን ቢሆን ሌላ መድኃኒት ቤት መዞር ነው። ፀረ-ድብርት የሚወስድን ሰው «አልቋል» ማለት ግን አሁን የነገርኳችሁን ድንገተኛ ማቋረጥ በመንግሥት ፈቃድ መፈጸም ነው። ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባው መድኃኒት ዋጋ ስንቱን እንዳስለቀሰ እኔ በባንኮኒው ጀርባ ሆኜ አየዋለሁ። ሰው ማዘዣውን ይዘረጋል፣ ዋጋውን ይሰማል፣ ማዘዣውን አጥፎ ኪሱ ይከትና ይሄዳል። «የሳምንት ብቻ ስጠኝ» የሚልም አለ። በሳምንት የሚድን ድብርት ግን የለም። ባለሥልጣን ሲታመም አውሮፕላን አለለት፤ የእኛ ሰው ምርጫው ባለው መድኃኒትና በሌለው መድኃኒት መካከል ነው።

ስለዚህ ጥያቄያችን ግልጽ ነው። አንደኛ፣ የመድኃኒቱ ወረቀት በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛና በሌሎችም ሕዝቡ በሚናገራቸው ቋንቋዎች በጉልህ ይጻፍልን። ሁለተኛ፣ ቢያንስ አሮጌውና ጨዋው፣ ማለትም አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክሲቲን፣ በየትኛውም ጤና ጣቢያ ሳይቋረጡ ጎን ለጎን ይገኙ፤ አንድ ብቻ ባለበት ምርጫ የለምና። ሦስተኛ፣ እኛ ባለመድኃኒት ቤቶች አፋችንን እንድንከፍት እንገደድ። አዎ፣ ራሴንም ጨምሬ ነው የምለው!

እስከዚያው ግን እናንተም ዝም አትበሉ። ማዘዣ ስትቀበሉ እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ጠይቁ። የመድኃኒቱ ስም ማን ነው? ጥቅሙ መቼ ይጀምራል? ምን ምን ጉዳት ሊያመጣብኝ ይችላል፣ የትኛውን ሳይ ነው ሮጬ የምመጣው? አሁን ከምወስደው መድኃኒት፣ ከምጠጣው፣ ከምቅመው ጋር ይጋጫል ወይ? ስንት ጊዜ እወስደዋለሁ፣ ሳቆምስ እንዴት ነው የማቆመው? «ዶክተሩ ይቆጣኛል» አትበሉ። ቢቆጣ ምን ይሆናል? ቁጣ አጥንት አይሰብርም።

ያቺ እናት ዛሬም በሕይወት አሉ። በምርኩዝ ይሄዳሉ። መድኃኒታቸው ተቀይሮላቸው፣ እንቅልፋቸውም ተመልሶ፣ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ጀምረዋል። አንድ ቀን ቤታቸው ሄጄ እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። አስነሥተው አስቀመጡኝና የነበረውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ጉዳቱን አውቀው እንደነበረ፣ እንዳልነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያም «አንተ ልጅ፣ አፍ የለህም ነበር እንዴ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ዛሬ እናንተ ፊት የቆምኩት መልሱን ለመስጠት ነው።